ለመነጽሩ የተያዘችው ቁራጭ

በጋራዡም፣ በሰፈሩም፣ ሲናደዱበት ደግሞ በገዛ ቤቱም የሚጠሩት «አይነኬ» ብለው ነው። ስሙን ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። አንድ መኪና ለብጦ በጨረሰ ቁጥር ሁለት እጁን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ዘርግቶ «እንዳትነኩ! ማንም እንዳይነካ!» እያለ መኪናውን ይዞረዋል። አርባ አንድ ዓመቱ ነው። ከዚህ ውስጥ አሥራ ዘጠኙን ዓመት የጨረሰው የሰው መኪና እንዳይጫር ሲጠብቅ ነው። በዚህም ይኮራል፤ ኩራቱ ደግሞ ሰላምታ የሚያስረሳ ዓይነት ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። መንገድ ላይ ከፊት ያለው መኪና ጎማ የሚያስፈነጥረው ጠጠር ከኋላ የሚመጣውን መኪና ኮፈን ይመታል። ቁስሉ ከምስር ፍሬ አይበልጥም፤ ግን ቀለሙን ልጦ ብረቱን ያወጣዋል፣ ብረቱም መዛግ ይጀምራል። አይነኬ የሚለጥፈው ፊልም እንደ ውሃ የጠራ ነው፤ መኖሩ አይታይም። ጠጠሩ ሲመጣ ምቱን እሱ ይቀበላል፣ ቀለሙ ይተርፋል። ፊልሙ ራሱ ትንሽ ቢጫር እንኳ ፀሐይ ሲሞቀው ጭረቱ ይገጥማል። ይህን ሁሉ ሰምቶ «ታዲያ ላስቲኩን መቼ ትለጥፍልኛለህ?» ያለ ደንበኛ ግን ወዮለት። «ፊልም ነው ጌታዬ። ላስቲክማ ሽንኩርት ይቋጠርበታል» ይለዋል።

እውነቱን ለመናገር እጁ የተባረከ ነው። መኪናውን አጥቦ፣ የሳሙና ውሃ ነፍቶ፣ ፊልሙን እንደ አንሶላ ዘርግቶ፣ ውሃውን በጎማ መግፊያ እየገፋ ካወጣ በኋላ ጠርዙን በምላጭ ቆርጦ በሙቅ አየር ሲያስተኛው፣ ፊልሙ የት እንደሚያልቅ እግዜርና እሱ ብቻ ናቸው የሚያውቁት። የጋራዡ ባለቤት አዲስ ደንበኛ ሲመጣ የሚያሳየው ይህንኑ ነው። «ጫፉን በጥፍርህ ፈልግ እስቲ» ይለዋል። ደንበኛው ጠርዝ ጠርዙን ይዳብሳል፣ ያጣዋል፣ ይስቃል፣ ይከፍላል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የአይነኬን ጫፍ ያገኘ ጥፍር አልነበረም።

ቤቱ ገብታችሁ ብታዩ ደግሞ ጉድ ትላላችሁ። ሶፋው ሲገዛ ከመጣበት ላስቲክ ገና አልወጣም፤ በሙቀት ጊዜ የተቀመጠበት ሰው ሲነሳ ቆዳው የተላጠ ይመስለዋል። የቴሌቪዥኑ ሪሞት በላስቲክ ተጠቅልሏል። የምግብ ጠረጴዛው፣ የፍሪጁ እጀታ፣ የመብራት ማጥፊያው ሳይቀር ተለብጧል። ፋርማሲ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ የሆነችው ሚስቱ፣ ልጅ ያልወለድነው ልጅ ስለሚነካካ ነው እያለች ለጓደኞቿ ታወራለች። አንድ ቀን «እኔንስ መቼ ነው የምትለብጠኝ?» ብትለው «አንቺን አሁን ምን ያደርግልሻል፣ ቀለምሽ ድሮ ሄዷል» አላት፤ መቀለዱ ነበር። ሳምንት ሙሉ ዘጋችው። እሱ የነቃው በአምስተኛው ቀን ነው።

መኪና የገዛው ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ ከእሱ በፊት አምስት ሰው የነዳት፣ የወይን ጠጅ ቀለም ያላት አሮጊት መኪና። አራት ወር ሙሉ ሲወለውላት ከርሞ እንደ አዲስ አደረጋት። ፊልም ለራሱ ገዝቶ መለጠፍ የእሱ አቅም አይደለም፤ የጋራዡ ባለቤት ግን ከደንበኞች ሥራ የሚተርፈውን ቁራጭ እንዲወስድ ፈቀደለት። ቁራጭ በቁራጭ ለበጣት። ኮፈኗ ላይ አራት ቁራጭ አለ፣ በግራ በሯ ላይ ሦስት፤ መጋጠሚያውን የሚያውቅ የለም። እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃት ነበር። ሥራ እንኳ በታክሲ ነው የሚሄደው፤ እሷ ግቢ ውስጥ ድንኳን የሚያህል ጨርቅ ለብሳ ትውላለች።

አባቱ ድንጋይ ፈላጭ ናቸው። ከአስፋልቱ አምስት ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ ባለው የድንጋይ ካባ ውስጥ አርባ ዓመት ድንጋይ ሲፈልጡ፣ ጠጠር ሲያደቁ ኖረዋል። ልጃቸው ዕድሜ ልኩን የሚዋጋውን ጠጠር የሚሠሩት እሳቸው ናቸው ማለት ነው፤ ያሳደገውም፣ ያስተማረውም ያው ጠጠር ነው። ሙያቸው የጉልበት ብቻ አልነበረም። መዶሻ ከማንሳታቸው በፊት ድንጋዩን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ይዳብሱታል። ድንጋይ ሁሉ የሚከፈትበት መስመር አለው ይላሉ፤ ዓይን ባያየው ጥፍር ያገኘዋል፤ መስመሩ ከተገኘ አንድ ምት ይበቃል።

ግራ ዓይናቸውን የወሰደው ፍንጣሪ ነው። አይነኬ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፤ ምሳቸውን አድርሶ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። አባቱ መዶሻውን ጥለው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሲቀመጡ በዓይኑ አይቷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠጠር ይፈራል። ፍርሃቱን ለአባቱ ቢያውለው ኖሮ ጥሩ ልጅ ይወጣው ነበር፤ እሱ ግን ለመኪና አዋለው። እንዲህም ዓይነት ሰው አለ፤ የሚወደውን ነገር ትቶ የሚጠብቀውን ነገር የሚወድ።

እርግጥ ነው፣ ጨርሶ አልረሳቸውም። ከጋራዡ የመከላከያ መነጽር ይዞ ሄዶ «በል አባዬ፣ አንዲቷን ዓይንህን ጠብቃት» ብሎ ሰጥቷቸዋል። አባትየው እንደ ዘውድ ነበር ያደረጉት። ግን የድንጋይ ብናኝ መስታወቱን እየጫረ እየጫረ በጥቂት ወር ውስጥ በወተት ውስጥ የሚያዩ ያህል አደረጋቸው። ይሄኔ አንድ ነገር አሰቡ።

«ልጄ፣ ያ መኪና ላይ የምትለጥፈው ላስቲክ» አሉት፣ መነጽሩን በእጃቸው እያገላበጡ፣ «እዚህች ላይ ብትለጥፍልኝስ? መስታወቷን አንተ ወልውለህ ታጠራታለህ። ከዚያ ብናኙ የሚጭረው ላስቲኩን ነው። ሲጫር ልጠን እንቀይረዋለን። መነጽሯ አዲስ እንደሆነች ትኖራለች።»

አይነኬ አፉን በእጁ ያዘ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስለ ሥራው እንዲህ ያለ ብልህ ነገር የነገረው ሰው አልነበረም። «ላስቲክ» ማለታቸውን እንኳ ይቅር አላቸው። «ለቅዳሜ አደርስልሃለሁ» ብሎ መነጽሩን በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ እንዳይረሳው መኪናው ውስጥ ከፊት ወንበር ፊት ካለችው መሳቢያ አስቀመጠው። እንዳይጫርም ብሎ ነው በጨርቅ የጠቀለለው፤ ልማድ ነው።

ቅዳሜ መጣች፣ ሄደች። ሌላም ቅዳሜ መጣች። አባትየው እሑድ እሑድ ይደውላሉ።

«ያቺ ነገር አለቀች?»

«ቁራጭ አነሰኝ አባዬ። ለጎባጣ መስታወት የሚሆን ለስላሳ ቁራጭ ነው የሚያስፈልገው። ለቅዳሜ።»

«አይ፣ አትቸኩል። ሥራ ይብዛልህ።» ከዚያ ይስቃሉ። «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይላሉ። እኔ ደግሞ በድንጋይ ነው የምጫወተው! ግድ የለም፣ በምመታ ጊዜ እጨፍናለሁ።»

አጠገባቸው የሚፈልጠው ጎረቤታቸው የራሱን ትርፍ መነጽር ሊያውሳቸው ቢል እምቢ አሉ። «የእኔ ልጄ ጋ ነው ያለችው። ልዩ ነገር እየሠራላት ነው» አሉት። ይህንን ለካባው ሰው ሁሉ ነግረዋል። ጉዳዩ ኩራት ሆኖባቸዋል፤ የሌላ ሰው መነጽር ማድረግ ልጃቸውን ማማት መሰላቸው። «እንግዲያው እስኪሠራልህ ቁጭ በል» ስትላቸው ደግሞ አብራቸው የምትኖረው ሴት ልጃቸው፣ «ቁጭ ስል እጄን ያመኛል» ይሏታል። እሷ የአይነኬ ታላቅ ናት፤ ካባው መግቢያ ላይ ካለው ሚዛን ቤት ቁጭ ብላ የሚወጣና የሚገባውን ገልባጭ መኪና ትመዘግባለች። «እትዬ» ነው የሚላት፤ ምላሷን ይፈራል።

በአሥራ አንደኛው ሳምንት ማክሰኞ ቁራጯ ተገኘች። ከአንድ ሀብታም ደንበኛ መኪና የፊት መብራት የተረፈች፣ መዳፍ የምታህል፣ ለስላሳ፣ እንደ ልብ የምትለጠጥ ቁራጭ ነበረች። ለመነጽሩ ልክ ነበረች። ለቀኝ ስፖኪዮም ልክ ነበረች። ከመኪናዋ ገላ ሳይለበጥ የቀረው የቀኝ ስፖኪዮዋ ጀርባ ብቻ ነበር፤ ሁለት ዓመት የለፋበት ነገር ሊያልቅ የቀረው ያቺ ብቻ ነበረች። አይነኬ ቁራጯን ይዞ ብዙ ቆመ ብል ዋሸሁ። አልቆመም። መነጽሩ ሌላ ቁራጭ እስኪገኝ ይጠብቃል አለ፣ መኪናውን ወደ ጋራዡ አምጥቶ ስፖኪዮዋን አጠባት፣ ለጠፈ። ጫፏን አስተኛ። በደንብ እንድትይዝ መኪናዋን እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ጋራዡ ውስጥ ተዋት፤ እጁን ዘርግቶም «እንዳትነኩ!» አለ።

ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ስልኩ ጮኸ። እህቱ ነበረች።

«አባዬ ዓይኑን ተመታ።»

«የትኛውን?»

«ስንት አለውና ነው የምትጠይቀኝ?» አለች።

አይነኬ የአንድ ደንበኛ መኪና ላይ ተደገፈ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«የተጫነ ገልባጭ ሊወጣ ነው» አለች እህቱ። «ሹፌሩ እሺ ብሏል። አሁኑኑ አሳፍሬው ሆስፒታል ልውሰደው።»

«አይሆንም! ገልባጭ ላይ እንዳትጭኚው እትዬ፣ ያንገጫግጨዋል። ዓይኑ ይፈሳል። እኔ እመጣለሁ፣ በራሴ መኪና።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«መጣሁ አልኩሽ!»

ከልቡ ነበር የተናገረው፤ ይህን ማንም አይውሰድበት። እህቱም አመነችው። ገልባጩ ሄደ።

አስፋልቱን በአርባ ደቂቃ ጨረሰው፤ እየበረረ፣ እያለቀሰም። የጠጠሩ መንገድ አፍ ላይ ሲደርስ ግን እግሩ ፍሬኑን ያዘ። አምስቱን ኪሎ ሜትር አየው፤ ሹል፣ ነጭ፣ አዲስ የፈሰሰ ጠጠር። ሁለት ዓመት ሙሉ መኪናዋን እዚህ መንገድ ላይ አስገብቷት አያውቅም፤ አባቱን ሊጠይቅ ሲመጣ አስፋልቱ ጫፍ አቁሟት በእግሩ ነበር የሚገባው። አሁን በአንደኛ ማርሽ ገባ። ከስር ጠጠር «ጠቅ» ባለ ቁጥር ትከሻው ይነሳል። ገልባጭ ከፊት ሲመጣ ጥግ ይይዛል፣ ይቆማል፣ አቧራው እስኪጠራ ይጠብቃል። «ቶሎ ሂድ አንተ ሰው!» ይላል ራሱን፤ ይህንን እያለ ግን እግሩ ነዳጁን አይረግጥም። እጁና እግሩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተማሩትን ነው የሚያውቁት። ገልባጭ በአሥር ደቂቃ የሚጨርሰውን መንገድ በሃምሳ ደቂቃ ጨረሰው።

አባትየው ካባው አፋፍ ካለው ቤታቸው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው ነበር፤ ዓይናቸው ላይ ንጹሕ ጨርቅ ታስሯል። የሞተሩን ድምፅ ሰምተው ፊታቸውን አዞሩ።

«መኪናህን ይዘሃት ገባህ?» አሉት። «በዚህ ጠጠር? ምነው ልጄ፣ እኔ አስፋልቱ ድረስ በእግሬ እመጣ አልነበረም?»

ደግፎ ወደ መኪናዋ ወሰዳቸው፣ በሩን ከፈተ። ከዚያ ያለውን እሱ ራሱ እስከ ዛሬ ለሰው አልተናገረም፤ እህቱ ግን ተናግራለች። ሽማግሌው አንድ እግራቸውን ሊያስገቡ ሲሉ «አባዬ፣ ጫማህን» አላቸው። ሳያስበው ነው። ከአፉ እንደ ትንፋሽ ነው የወጣው። አባትየው እግራቸውን መለሱ። በሩን በአንድ እጅ ይዘው፣ እየተንገዳገዱ፣ አንዱን ጫማ ከሌላው ጋር አጋጭተው አራገፉ። አቧራው ሁሉ መውጣቱን ማየት ስላልቻሉ ደግመው አራገፉ።

ሲመለሱም ያው ነበር። አባትየው ከፊት ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸው መሳቢያዋን ይነካል። እዚያ ውስጥ ምን እንዳለ አይነኬ ያውቃል።

«ቆምን እንዴ?» አሉ አባትየው።

«አይ፣ ገልባጭ እያሳለፍኩ ነው።»

«ልክ ነህ። ጠጠር ክፉ ነው» አሉ፣ ጨርቁን በመዳፋቸው እየያዙ።

«ንዳ!» አለች እህቱ ከኋላ።

«ይነሳል እኮ እትዬ፣ ጠጠሩ ይነሳል።»

«ይነሳ! ተነስቶ ያንተን ዓይን ያውጣው! ንዳ!»

ሁለተኛ ማርሽ አስገባ። ጠጠሩ የመኪናዋን ሆድ ደበደበው። መልሶ አንደኛ አደረገው። ይሄኔ እህቱ በሩን ከፍታ ወረደች። መኪናዋ እየሄደች ነው የወረደችው፤ መቆም እንኳ አላስፈለጋትም። ነጠላ ጫማ አድርጋ፣ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ ከፊታቸው መራመድ ጀመረች። አይነኬ ጀርባዋን እያየ ይነዳል። ሌላ ገልባጭ መጣ፤ እሱ ቆመ፣ እሷ አልቆመችም። የዚህኛው ጎማ ያስፈነጠረው ጠጠር የቀኙን ስፖኪዮ «ጠው» አደረገው። አይነኬ «ወይኔ!» አለ፤ አባቱ ስለ እሳቸው የጮኸ መስሏቸው «አይዞህ ልጄ፣ ያን ያህል አያመኝም» አሉት። አቧራው ሲጠራ እህቱ የለችም።

አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ አገኟት፤ እግሯ በአቧራ ነጭ ሆኖ። አንድ ሚኒባስ ለምና አቁማለች፤ በሩ ተከፍቷል፣ ሹፌሩ ሞተሩን አላጠፋም።

«አባዬ ና፣ በዚህ እንሂድ። ይሄ ይፈጥናል።»

«በልጄ መኪና ነው የምሄደው» አሉ አባትየው። «ዓይኔ ቢጠፋ ልጄ መጣልኝ፤ በሰው መኪና እንድሄድ ነው እንዴ የመጣው?»

ሚኒባሱ ሄደ። አስፋልቱ ላይ አይነኬ መኪናዋን እንደ ጥይት አስወነጨፋት። እህቱ ከኋላ ሆና «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች።

«መቼ ነው የተመቱት?» አለች የሆስፒታሉ ሐኪም።

«አራት ሰዓት ላይ» አለች እህቱ።

ሐኪሟ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ሰባት ተኩል ይላል። «ከየት ነው የመጣችሁት?» አለች። እህቱ ነገረቻት። ሐኪሟ ሰዓቱን ደግማ አየች፤ ሽማግሌውን ይዛ ገባች።

ቀዶ ሕክምናው ሲካሄድ እህቱ ኮሪደሩ ውስጥ ስታለቅስ ቆየች። አይነኬ ወጥቶ መኪናዋን ዞረ። ምን ትሉታላችሁ? አባቱ ውስጥ ተኝተዋል፤ እሱ ውጭ ጎንበስ ብሎ ስፖኪዮ ያያል። ጠጠሩ የመታት ቦታ ላይ ፊልሙ ትንሽ ሰርጎድ ብሏል፤ ቀለሙ ግን አልተነካም። ያዘልኝ ብሎ እፎይ አለ። በእፎይታው ራሱን ጠላ፤ እፎይታው ግን አልሄደለትም።

ወደ ማታ ገደማ ሐኪሟ ጠራቻቸው። አባትየው ራሳቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ተኝተዋል፤ ነቅተዋል። «ፍንጣሪውን አውጥተነዋል» አለች ሐኪሟ። «ዓይኑ ግን ብዙ ተጎድቷል፤ ከእንግዲህ አያዩም። ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ ትንሽ ብርሃን እናተርፍላቸው ነበር ይሆናል፤ ላናተርፍም እንችል ነበር። እርግጠኛ ሆኜ አልዋሻችሁም።» ከዚያ ወደ ሽማግሌው ጎንበስ ብላ፣ «አባት፣ እንዲህ ያለ ሥራ ሲሠሩ መነጽር አያደርጉም እንዴ?» አለቻቸው።

«አደርጋለሁ እንጂ!» አሉ አባትየው፣ ከትራሱ ቀና ለማለት እየሞከሩ። «ጥሩ መነጽር አለኝ። ልጄ እየሠራልኝ ነው። እንደ መኪና ሊለብጥልኝ።»

በዚህ መሃል እህቱ ለአባቷ ፊት መጥረጊያ ሶፍት ፍለጋ ወደ መኪናዋ ሄዳ ነበር። ተመልሳ በሩ ላይ ቆማለች። በእጇ ሶፍት አልያዘችም፤ የተጠቀለለ ለስላሳ ጨርቅ ይዛለች። ጨርቁን ቀስ ብላ ፈታችው፣ መነጽሩን አልጋው ግርጌ፣ ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠችው። አይነኬ አየው። ሐኪሟም አየችው። አባትየው አላዩትም፤ ስለ ልጃቸው እጅ ለሐኪሟ ማውራታቸውን ቀጠሉ።

አባትየው ከሆስፒታል ሲወጡ ወደ አይነኬ ቤት መጡ። እህቱ ሚዛን ቤት ውላ ነው የምትገባው፤ ዓይነ ስውር ሰው ካባ አፋፍ ላይ ብቻውን አይተውም። ልብሳቸውን በከረጢት አምጥታ ደጁ ላይ አስቀመጠች፤ መነጽሩንም ከላይ አድርጋ። ወንድሟን «ከእንግዲህ እትዬ እንዳትለኝ» አለችው፣ ሄደች።

አባትየው አዲሱን ቤት በእጃቸው ተማሩት። ሶፋው ላስቲክ ነው። ጠረጴዛው ላስቲክ ነው። የመብራት ማጥፊያው፣ ለእሳቸው የማይረባው እንኳ፣ ላስቲክ ነው። «እዚህ ቤት የሚነካ ነገር የለም» አሉ ለምራታቸው። እሷ ሳቀች፣ ቀጥሎ አለቀሰች፣ ከዚያ ቢላ አምጥታ የእሳቸውን የሶፋ መቀመጫ ላስቲክ ቀደደችላቸው። አይነኬ አይቶ እንዳላየ ሆነ።

ወር ከሆነ በኋላ አንድ ጠዋት «እስቲ መኪናህን አሳየኝ» አሉት።

ጨርቁን ገፍፎ እጃቸውን ይዞ ኮፈኗ ላይ አኖረው። ዞሯት። ኮፈኗን፣ በሮቿን፣ ጣራዋን፤ እንደ ድንጋይ ነው የዳበሷት፣ በጥፍራቸው። ቀኝ ስፖኪዮዋ ጋ ሲደርሱ አውራ ጣታቸው ቆመ።

«እዚህች ጋ ጠጠር ነክቷት ነበር?»

«አዎ። ያን ዕለት። ፊልሙ ያዘው። ፀሐይ ሲሞቀው ገጠመ።» ይህን ካለ በኋላ ግን የደበቀው ነገር አመለጠው። «አባዬ፣ ይቺ ቁራጭ ለመነጽርህ የያዝኳት ነበረች። እዚህ ለጠፍኳት። ይቅር በለኝ።»

ጣታቸው አልተነሳም።

«ገብቶኝ ነበር» አሉ። «አሥራ አንድ ሳምንት ቁራጭ ያጣ ሰው፣ ቁራጩ ሌላ ቦታ ውሎበት ነው።» ከዚያ ስፖኪዮዋን ዙሪያዋን በጥፍራቸው ዳበሱ። «እንዴት ያለ አለጣጠፍ ነው በል! ጫፏ አይገኝም።»

ይቅርታ ያደረጉለት መሰለው። እጃቸውን ይዞ ሊያስገባቸው ሲል ግን እጃቸውን ቀስ ብለው ወሰዱ፤ ግድግዳውን ይዘው ብቻቸውን ገቡ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ይወጣሉ። ምራታቸው በርጩማ ታስቀምጥላቸዋለች። ከስፖኪዮዋ አጠገብ ይቀመጡና አውራ ጣታቸውን ያስኬዳሉ፤ ፀሐይ እስኪበረታ ድረስ፣ ሳይቸኩሉ፣ አርባ ዓመት የድንጋይ መስመር ሲፈልጉ እንደኖሩት። አይነኬ ሲወጣ ያያቸዋል። «ተው» ማለት ይከጅለዋል፤ እንዴት ብሎ ይላል? ታክሲ ውስጥ ሆኖም፣ ጋራዥ ውስጥ ሆኖም ያች ጥፍር ስትፈልግ ይሰማዋል። ሥራው ላይ ምላጩ መስመር ይስትበት ጀመር። የጋራዡ ባለቤት ለአዲስ ደንበኛ «ፈልግ እስቲ» ሲል፣ ደንበኛው ሁለት ጊዜ ጫፍ አገኘ።

ሚስቱ አንድ ማታ «እኔ ብሆን ኖሮ ያችን ስፖኪዮ ነቅዬ እጥላት ነበር» አለችው። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

በሌላ ጠዋት፣ ቤቱ ውስጥ ፊቱን እየታጠበ ሳለ አንድ ድምፅ ሰማ። ቀጭን ድምፅ ነው፤ ሌላ ሰው አይሰማውም። እሱ ግን ከእናቱ ድምፅ በላይ ያውቀዋል፤ ፊልም ሲላጥ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ፊቱ በሳሙና እንደተለቀለቀ ሮጦ ወጣ።

«እንዳትነካ!» ብሎ ጮኸ።

አባትየው በርጩማቸው ላይ ናቸው። ስፖኪዮዋ ጀርባዋን ሰጥታለች፣ ራቁቷን። ቁራጯን በሁለት ጣታቸው ይዘዋታል፤ ሙጫዋ ላይ አቧራና የጣታቸው አሻራ ተለጥፎባታል፤ ከእንግዲህ ለምንም አትሆንም።

«አንተ ነህ?» አሉ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዙረው። «ዛሬ ቅዳሜ አይደል?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«መዳፍህን አምጣ።»

ዘረጋላቸው። ቁራጯን መዳፉ ላይ አስቀምጠው ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፉለት።

«በል እንካ» አሉት። «መነጽሬን ጨርስልኝ።»